ዘመድ፣ ይሉኝታና የሥራ ወንበር፦ 1 ጢሞቴዎስ 5ን በቢሮ ማንበብ

በማታው መርሐ ግብር ክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር ሳስተምር፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ቀኑን ሥራ ውለው የሚመጡ ናቸው፤ ከባንክ፣ ከክፍለ ከተማ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከእርዳታ ድርጅት። ስለ አሥርቱ ትእዛዛት ስንነጋገር ጸጥ የሚለው ክፍል፣ የቅጥር ጉዳይ ሲነሣ ይንጫጫል። በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል የምትሠራ ተማሪ በአንድ ምሽት ያቀረበችው ጥያቄ ይህን ጽሑፍ አስጻፈኝ። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛነት በወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ላይ የአክስቷ ልጅ ተመዝግቧል፤ እርሷ ደግሞ ከፈታኞቹ አንዷ ናት። እናቷ ከገጠር ደውለው፣ «እናቴ የምትዪኝ ከሆነ ይህን ልጅ እንዳትጥዪው» ብለዋታል። የአጥቢያዋ ሽማግሌም፣ «የጌታ ልጅ ነው» ብለው አደራ ጥለውባታል። «1 ጢሞቴዎስ 5፥8 ተጽፎ እያለ እንዴት አይሆንም እላለሁ?» አለች።

ሙስና ሲባል ወደ ብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው በጠረጴዛ ሥር የሚያልፍ ገንዘብ ነው። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ግን ጉቦን ብቻ ሳይሆን በሥልጣን አላግባብ መገልገልንም በወንጀልነት ደንግጓል። ይሁን እንጂ ተማሪዬን ያስጨነቃት የአዋጁ አንቀጽ አልነበረም። ኃጢአት እንድትሠራ የተፈተነች አልመሰላትም፤ ግዴታዋን እንድትወጣ የተጠየቀች ነው የመሰላት። ከመድረክ «ዘመድ አትቅጠሩ» ብለን ብቻ ስንወርድ ስብከታችን ቢሮ ድረስ የማይዘልቀው ይህን ስለማናይ ይመስለኛል። በሁለቱም በኩል በጎ የሚባል ነገር ቆሟል።

አንደኛው ይሉኝታ ነው። ቃሉ «ይሉኛል» ከሚለው የወጣ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ራስን መግዛት። ይሉኝታን በጅምላ የሚያወግዙ ወንድሞች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ማዕድ ላይ የሚስገበገብን እጅ የሚይዝ፣ ለቅሶ ቤት የሚያደርስ፣ የታመመ ጎረቤት የሚያስጠይቅ ይሉኝታ ነው። ችግሩ የምስክሮቹ ማንነት ላይ ነው። «ይሉኛል» የምንላቸው ሁልጊዜ የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ እናት፣ አክስት፣ የአገር ልጅ፣ የአጥቢያ ሽማግሌ። ከደብረ ብርሃን ወይም ከሆሳዕና መጥቶ፣ ማስታወቂያውን ከሰሌዳ ላይ አንብቦ የተመዘገበው ልጅ ከእነዚህ መካከል የለም። ቢበደል የሚታዘበን ሰው የለውም። ስለዚህ ይሉኝታ እርሱን ሊጠብቀው አይችልም።

ወደ ጠቀሰችው ጥቅስ እንምጣ። 1 ጢሞ. 5፥8 ለቤተ ሰቡ የማያስብን አማኝ በከባድ ቃል ይገሥጻል፤ ማለዘብ አያስፈልግም። የምንዘነጋው ክፍሉ ስለ ምን እንደሚናገር ነው። ከቁጥር 3 እስከ 16 ያለው ስለ መበለቶች ድጋፍ ነው። ልጆችና የልጅ ልጆች ለወላጆቻቸው ብድራት እንዲመልሱ (ቁ. 4)፣ መበለት ዘመድ ያላት ሴት ራሷ እንድትረዳትና ቤተ ክርስቲያን ላይ ሸክም እንዳይጣል (ቁ. 16) ጳውሎስ ያዝዛል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ዘመድህን ከራስህ ጎተራ መግብ፤ የጋራውን ጎተራ ለእውነተኛ ችግረኛ ተውለት። እኛ ጥቅሱን የምናነብበው ተገልብጦ ነው፤ የጋራውን ጎተራ ከፍተን ዘመዳችንን እናበላና የራሳችንን እንቆጥባለን።

ምዕራፉም በዚህ አያበቃም። ቁጥር 21 ላይ ሐዋርያው ጢሞቴዎስን በእግዚአብሔር፣ በክርስቶስና በተመረጡ መላእክት ፊት አስምሎ፣ አስቀድሞ ፈርዶ ወይም ለአንዱ አድልቶ ምንም እንዳያደርግ ያዝዘዋል። ቀጥሎ ቁጥር 22 በማንም ላይ ፈጥኖ እጅ እንዳይጭን ይላል፤ አብዛኞቹ ተርጓሚዎች ይህን ለአገልግሎት መሾም እንደሆነ ይረዱታል። እንግዲህ ለዘመድ ማሰብ፣ አለማዳላትና ሹመት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ተገናኝተዋል። ጳውሎስ ተቃርኖ አልታየውም፤ የመጀመሪያው በኪሳችን፣ ሁለተኛው በወንበራችን የሚፈጸም ነውና።

ማዳላት ለሚለው አዲስ ኪዳን በሌሎች ስፍራዎች የሚጠቀምበት የግሪክ ቃል ፕሮሶፖሌምፕሲያ ነው፤ «ፊትን መቀበል» እንደ ማለት። ከበስተ ጀርባው «ፊት ማንሣት» የሚል የዕብራይስጥ አነጋገር አለ። አማርኛችንም «ፊት አይቶ ማድላት» ሲል ሥዕሉን ጠብቆታል። ይህ ቃል የት የት እንደሚገኝ ማየት ያስደንቃል። ጳውሎስ ስለ ሥራ ግንኙነት በሰፊው በሚናገርባቸው በሁለቱም ክፍሎች አለ፤ በኤፌሶን 6፥9 ጌቶችን ሲያስጠነቅቅ፣ በቈላስይስ 3፥25 ደግሞ ባሪያዎችን ሲመክር። የዘመኑ ባሪያ ከዛሬው ደመወዝተኛ ጋር አንድ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱም ላይ የሚሠራ መርሕ አለ። እግዚአብሔር የማንንም ፊት አያይም፤ የአለቃውንም፣ የሠራተኛውንም። በእነዚሁ ክፍሎች ለታይታ መሥራትም ተነቅፏል። ይሉኝታ ባዶ ባስቀረው የምስክር ወንበር ላይ እግዚአብሔር ይቀመጣል፤ የማናውቀውን አመልካች እርሱ ያውቀዋልና።

«ልጁ ግን ድሃ ነው» አለ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ። ዘሌዋውያን 19፥15 ይህንን አስቀድሞ አስቦበታል፤ ዳኛው ለታላቁ ብቻ ሳይሆን ለድሃውም እንዳያደላ ያዝዛል። ለድሃ የሚገባው ምጽዋትና ፍትሕ ነው፤ የሌላ ድሃ ወንበር አይደለም።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ከባሕላችን ውጭ ነው ይላሉ። ዕቁብ የገባ ሰው ግን ይህን ሊል አይችልም። ዕጣ የወጣለት ወንድም ቢሆን ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም፤ ማንም አይቀየምም። ያው ሰው ነገ ቢሮው ገብቶ የባልደረባውን ደረሰኝ መጠየቅ ያፍራል። ልዩነቱ ከየት መጣ? የዕቁቡ ብር «የእኛ» ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ግን «የመንግሥት» ነው፣ ማለትም የማንም አይደለም። ሹመት ለረጅም ዘመን በደመወዝ ሳይሆን በጉልት የሚኖሩበት ነበር፤ ጉልት በሕግ የተሻረው በ1958 ዓ.ም. ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል የዚያ ሥርዓት ልጅ ይመስለኛል። አባቱ ሞቶ እርሱ ግን አለ።

ነህምያ እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዦች ከሕዝቡ እንጀራና ወይን፣ ከዚያም በላይ አርባ ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር፤ ሌብነት ሳይሆን የተለመደ የሹም ቀለብ ነው። እርሱና ወንድሞቹ ግን 12 ዓመት አልነኩትም፤ ምክንያቱንም እግዚአብሔርን መፍራት ይለዋል (ነህ. 5፥14-15)። እዚህ ላይ ግን ክፍሌ ጠመደኝ፤ በ7፥2 ያው ነህምያ ወንድሙን አናኒን በኢየሩሳሌም ላይ ይሾማልና። አብሮት ሐናንያን ሾሞ ታማኝነቱንና እግዚአብሔርን መፍራቱን በግልጽ ጽፏል። ምክንያቱ ወንድሙንም ይጨምር እንደሆነ ክፍሉ አያስረዳም። ቢያንስ ይህን ያሳየናል ብዬ አምናለሁ፤ ዘመድነት ሰውን ከሥራ የሚያግድ በደል አይደለም። የአክስት ልጅም በብቃቱ ካለፈ መብቱ ነው። ወንበሩን የሚያበላሸው ፈታኟ የራሷን ሥጋ መመዘኗ ነው።

ተማሪዬ ዝምድናዋን በጽሑፍ ለኃላፊዋ አሳውቃ ከፈታኝነት ወጣች። ልጁ አላለፈም። ለፋሲካ ቤተ ሰቧ ዘንድ ስትሄድ እናቷ ቡና አፈሉላት እንጂ ብዙም አላናገሯት። አሁን ከደመወዟ እየቀነሰች ለልጁ የኮምፒዩተር ሥልጠና ትከፍልለታለች፤ እናቷም መደወል ጀምረዋል፣ የልጁን ነገር ባያነሡም። ሽማግሌው ግን እሑድ እሑድ ሲጨብጧት እጃቸው ዛሬም ቀዝቀዝ ይላል።