ጡንቻ አጥንት ሲያበቅል

እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ማርሻል ዩሪስት ማዕድኑ በአሲድ የወጣለትን አጥንት በጥንቸሎች ጡንቻ ውስጥ ቀበረ። ከሳምንታት በኋላ ጡንቻው መሃል አዲስ አጥንት በቀለ፤ አጥንት ጨርሶ ባልነበረበት ቦታ! ምስጢሩ በተቀበረው አጥንት ውስጥ የቀሩ ፕሮቲኖች ነበሩ። በዙሪያቸው ያሉትን ሕዋሳት አጥንት እንዲሠሩ ያዝዛሉ። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምናና ለከባድ የቅልጥም ስብራት ይውላል።

ትእዛዙ ያለቦታው ሲመጣስ?

የፊላደልፊያው ሃሪ ኢስትላክ ጡንቻውና ጅማቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ አጥንት ይቀየር ነበር። በ1973 ሲሞት ማንቀሳቀስ የሚችለው ከንፈሮቹን ብቻ ነበር። ገና 40 ዓመት አልሞላውም። አፅሙን ግን ለምርምር አበርክቷል፤ ዛሬም በከተማዋ ሙተር ሙዚየም ሐኪሞችን ያስተምራል። እንዲህ ያለ ስጦታ ሊዘነጋ አይገባም።

በ2006 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚህን በሽታ መንስኤ አገኙ፦ ኤሲቪአር1 በተባለው ዘረመል ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ። ይህ ዘረመል የሚሠራው ያንኑ የአጥንት ትእዛዝ የሚቀበለውን ተቀባይ ነው።

በሽታው እጅግ ብርቅ ቢሆንም ምልክቱ ከውልደት ጀምሮ ይታያል፦ አጭርና የተጣመመ የእግር አውራ ጣት። ይህን ያየ ሐኪም፣ በኋላ ጀርባ ላይ እብጠት ቢወጣ፣ ለናሙና ብሎ ምላጭ ባያነሳ ይሻላል፤ ቁስሉ ራሱ ሌላ አጥንት ያስበቅላል።