ያረረው ጣዕም ምን ይናገራል? የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚያርርበት ምክንያትና መፍትሔው

የኦሃዮ ግዛት መዲና በሆነችው በኮሎምበስ፣ ዳውንታውን በሚባለው የከተማዋ እምብርት፣ ከከተማው አስተዳደር ሕንፃ እስከ ግዛቱ ምክር ቤት ያለው መንገድ በእግር የጥቂት ደቂቃ ነው። ሁለቱ ተቋማት ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ሊስማሙ አልቻሉም፤ ጉዳዩም የትምባሆ ጣዕም ነው። የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ የፍራፍሬ፣ የከረሜላና የሜንቶል ጣዕም ያላቸው የትምባሆ ምርቶች፣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ጨምሮ፣ እንዳይሸጡ ወሰነ። ደንቡ በጃንዋሪ 2024 ሥራ ላይ ሲውል፣ የግዛቱ ሕግ አውጪዎች በዚያው ወር የገዥውን የማይክ ደዋይንን ተቃውሞ ሽረው ከተሞች እንዲህ ያለ ደንብ እንዳያወጡ የሚከለክል ሕግ አጸደቁ። በሜይ 2024 ደግሞ የፍራንክሊን ካውንቲ ዳኛ ያንን ሕግ አገዱት።

ይህ ሁሉ ክርክር የተነሣው ስለ ጣፋጩ ጣዕም ነው። ተጠቃሚዎች ዘወትር የሚያማርሩት ግን ስለ ሌላ ጣዕም ነው፤ ያረረ ጥጥ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ከአፍ ቶሎ የማይለቅ ጣዕም። በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ከሚታሰበው በላይ የቀረበ ነው።

እንደ ኩራዝ ክር

የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ዋና ዋና ክፍሎች ባትሪ፣ የማሞቂያ ሽቦ፣ ከሽቦው ጋር የተነካካ ጥጥና የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ናቸው። ፈሳሹ የፕሮፒሊን ግላይኮልና የግሊሰሪን ድብልቅ ሲሆን፣ ኒኮቲንና ማጣፈጫ ይታከልበታል። ተጠቃሚው ሲስብ ባትሪው ሽቦውን ያግለዋል፤ ጥጡ የመጠጠው ፈሳሽም ይተናል።

አሠራሩን ለመረዳት ኩራዝን ማስታወስ ይበቃል። ጋዙ እስካለ ድረስ የሚነደው ጋዙ ነው፤ ጋዙ ሲያልቅ ግን ክሩ ራሱ መቃጠል ይጀምራል። ፈሳሹም በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል። ፕሮፒሊን ግላይኮል በ188፣ ግሊሰሪን በ290 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላሉ፤ ፈሳሽ እስካለ ድረስ የሽቦው ሙቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጥጡ ሲደርቅ ግን ሙቀቱን የሚገታው ነገር ስለሌለ ጥጡ ያርራል።

የማረሩ ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት የፈሳሹ ማለቅ ነው። ሁለተኛው አዲስ የተገጠመ ሽቦ ጥጡ በቅጡ ሳይርስ ሥራ መጀመሩ ነው፤ ማጠራቀሚያው ከተሞላ በኋላ አምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ መጠበቅ ይህን ያስቀራል። ሦስተኛው ሳያርፉ ደጋግሞ መሳብ ነው፤ ጥጡ የተነነውን ለመተካት ጊዜ ያጣል። ግሊሰሪን የበዛበት ወፍራም ፈሳሽም ወደ ጥጡ በዝግታ ስለሚሰርግ ተመሳሳይ ችግር ያስከትላል።

አራተኛው የኃይል መብዛት ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ቮልቴጁ ከ3.3 ወደ 5 ሲጨምር በአንድ ሽቦ ላይ የሚያርፈው ኃይል 2.3 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሽቦው ላይ ከተጻፈው የዋት ገደብ ማለፍ አይገባም። የመጨረሻው ምክንያት ማጣፈጫው ነው፤ ጣፋጭ ቅመሞች በድስት ቂጥ ላይ እንደሚያርር ስኳር በሽቦው ላይ ይጋገራሉ።

አንዴ ያረረ ጥጥ አይድንም፤ ሽቦውና ጥጡ በአዲስ መተካት አለባቸው። አንዴ አገልግሎ የሚጣለው ዓይነት ሲያርር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይወገዳል። በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል የለበትም።

ከጣዕሙ ጀርባ ያለው ኬሚስትሪ

እ.ኤ.አ. በ2015 የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በ3.3 ቮልት ያልተገኘ ፎርማልዴሃይድን የሚለቅ ውህድ በ5 ቮልት መታየቱን ገለጹ። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። በዚያው ዓመት ግሪካዊው ተመራማሪ ኮንስታንቲኖስ ፋርሳሊኖስና ባልደረቦቻቸው ከፍተኛው መጠን የሚፈጠረው ጥጡ ሲደርቅ ብቻ እንደሆነ፣ ልምድ ያለው ተጠቃሚም ያረረውን ጣዕም ለይቶ መሳቡን እንደሚያቆም በመግለጽ ተከራከሩ። በዚህ ክርክር ውስጥ ምላስ እንደ መለኪያ መሣሪያ ተቆጠረ ማለት ይቻላል። ግሊሰሪን ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው አክሮሊንም ዘይት በመጥበሻ ላይ ሲያርር የሚሸተው ያው ጉሮሮ የሚከረክር ጋዝ ነው።

ነገር ግን ይህ መለኪያ ሁሉንም አይነግርም። በ2016 በኔቫዳ የሚገኘው የበረሃ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች፣ ማጣፈጫዎቹ ራሳቸው ሲግሉ ተሰባብረው የፎርማልዴሃይድ ወገን የሆኑ መርዛማ ውህዶችን እንደሚፈጥሩ አሳይተዋል። እንጆሪ እንጆሪ የሚል ጭስ ከመርዝ ነፃ ነው ማለት አይደለም። በኮሎምበስ ለክርክር የቀረበው ጣፋጭ ጣዕምና ተጠቃሚውን የሚያማርረው ያረረ ጣዕም የሚገናኙት በዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባትንም ሆነ መሸጥን ይከለክላል፤ ወደ አገር ቤት የሚጓዙ ወገኖች ይህን አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። መሣሪያውን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ያረረ ጣዕም በተሰማው ቅጽበት መሳቡን ማቆም አለበት። ጣዕሙ ሲጠፋ ግን የጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው፤ ኒኮቲኑና ሱሱ በፈሳሹ ውስጥ እንዳሉ ይቆያሉ።