አንድ ቀን የሚያጎድል ንባብ

አዲስ አበባ ውስጥ የተመዘገበ የልደት ቀን ስክሪን ላይ ሲወጣ አንድ ቀን ጎድሎ ከተገኘ፣ ዳታቤዙን ከመውቀስ በፊት ያነበበውን ኮድ መመርመር ይገባል።

ፖስትግሬስን እንውሰድ። «ዴት» የሚባለው የመረጃ ዓይነት ቀንን ብቻ ይይዛል፤ ሰዓትም ታይም ዞንም የለውም። «ታይምስታምፕቲዚ» ደግሞ ቅጽበትን ይይዛል። ብዙ ሰው በዚህኛው ውስጥ ታይም ዞኑም አብሮ የሚቀመጥ ይመስለዋል፤ ግን አይቀመጥም። የገባው ሰዓት ወደ ዩቲሲ ይቀየርና፣ ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ጀምሮ በማይክሮሰከንድ የተቆጠረ ባለ 8 ባይት ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። ሲነበብ እንደ አንባቢው ታይም ዞን ተሰልቶ ይወጣል። በሐምሌ ወር አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተመዘገበ ክፍያ ዋሽንግተን ላለ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ ቢታየው ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የልደት ቀን ግን ቅጽበት አይደለም፤ ችግሩም የሚፈጠረው እንደ ቅጽበት ሲነበብ ነው። በኖድ ጄኤስ የተለመደው የፖስትግሬስ ድራይቨር «ዴት»ን ሲያነብ የጃቫስክሪፕት ዴት አድርጎ፣ በሰርቨሩ ታይም ዞን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ይህ በዩቲሲ የዋዜማው ምሽት 3 ሰዓት ነው። ዋጋው ወደ ጄሰን ሲቀየር በዩቲሲ ስለሚጻፍ፣ ሜይ 12 የነበረው ሜይ 11 ሆኖ ይወጣል። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ስለምትቀድም ስህተቱ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ ይደገማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀኑን እንደ ጽሑፍ መቀበል፤ በጃቫ የሚሠራ ሰው ደግሞ «ሎካልዴት» አድርጎ ማንበብ።

ከዚህ የከፋው የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ «ዴት» ዓምድ ውስጥ መጻፍ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 1992 ሲገባ ዳታቤዙ በጎርጎርዮሱ አቆጣጠር ከሌለ ቀን ጋር፣ ከፌብሩዋሪ 30 ጋር፣ ስለሚያምታታው አይቀበለውም። ጳጉሜንንም 13ኛ ወር ስለማያውቅ ይመልሳታል። የሚያስፈራው ግን ያለ ተቃውሞ የሚያልፈው ነው፤ መስከረም 5 ጃንዋሪ 5 ሆኖ ይገባል፣ ከሌላ ቀን ጋር ሲነጻጸርም ዕድሜን ያዛባል። ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ የሚገባው የጎርጎርዮሱ ቀን ይሁን፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለወጠው ለተጠቃሚው ሲታይ ነው። ለዚህ ጃቫስክሪፕት በ«ኢንትል» በኩል የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። ሰዓቱን ግን አይነካውም፤ 6 ሰዓቱን የሚቀንሰው ፕሮግራመሩ ራሱ ነው።