ሞያሌ ላይ ስልኩ የየትኛው አገር ነው?

ሞያሌ ገበያ ላይ የቆመ ነጋዴ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ አንዳንዴ የኬንያ ኔትወርክ ስም ተጽፎበት ያገኘዋል። ባለቤቱ ኬላውን አላለፈም፤ ስልኩ ግን ተሻግሯል። የአገሩ ኔትወርክ ለትንሽ ጊዜ ደክሞ ወይም ተቋርጦ ይሆናል፤ ስልኩም በዚያች ቅጽበት ያገኘውን የጎረቤት ማማ ይዟል።

ነገሩ ጥቃቅን የሚመስለው የሚጠበቅ ገንዘብ በሌለበት ቀን ነው። 30 ሰንጋ ዋጋ ተቆርጦላቸው፣ እጅ ተመትቶ፣ ገዢው «ልኬያለሁ» ይላል፤ ሻጩ «አልደረሰኝም» ይላል። የማረጋገጫው መልእክት እስኪገባ መኪናው አይጫንም። ያለ ውኃና ያለ መኖ የቆመ ከብት በአንድ ቀን ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል መቀነሱ የተለመደ ነው። 300 ኪሎ በሚመዝን በሬ ይህ 15 ኪሎ፣ በ30 በሬ 450 ኪሎ ነው። የሚቀንሰው በመጀመሪያ የሆድ ዕቃና ፈሳሽ ስለሆነ ከብቱ ሲያርፍና ሲጠጣ አብዛኛው ይመለሳል። ከመኪና እንደወረደ በዓይን ሚዛን ለሚሸጥ ከብት ግን የጎደለ ሆድ የጎደለ ዋጋ ነው።

ስልኩ ይህን ሁሉ የሚወስነው ሲም ካርዱን አንብቦ ነው። በሲሙ ላይ ያለው መለያ ቁጥር በአገር መለያ ይጀምራል፦ ኢትዮጵያ 636፣ ኬንያ 639፣ ሱዳን 634፣ ሶማሊያ 637፣ ጅቡቲ 638። እያንዳንዱ ማማም የራሱን መለያ ያሰማል። ስልኩ ሁለቱን ያስተያያል፤ የቤቱን ካገኘ እሱን ይይዛል፤ ካጣ በሲሙ ላይ የተመዘገቡትን ተመራጮች፣ ቀጥሎም ሌላ ጥሩ ሲግናል ያለውን ይሞክራል። የእንግዳው ኔትወርክም የሲሙን ባለቤት ድርጅት «ይህ ሰው የእናንተ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በመካከላቸው የሮሚንግ ውል ካለ ያስገባዋል፤ ከሌለ ይመልሰዋል።

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው ኢንተርኔቱ ላይ ነው። ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት በር ኤፒኤን ይባላል። የዛሬ ስልኮች ሲሙን ሲያዩ ይህን ራሳቸው ይሞላሉ፤ ድሮ በመልእክት ይላክ የነበረው «ሴቲንግ» ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሲም ይዞ ኬንያ የገባ ሰው ዳታው እምቢ ሲለው ጓደኛው «ኤፒኤኑን ወደ ኬንያው ቀይረው» ይለዋል። ይህ ምክር ነገሩን ያባብሰዋል። በሮሚንግ ላይ ያለ ሲም የሚጠቀመው የቤቱን በር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዳታው በእንግዳው ማማ አልፎ ወደ አገሩ ተመልሶ ነው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው። የሚዘገየውም በከፊል ለዚህ ነው። መታየት ያለበት የ«ዳታ ሮሚንግ» ቁልፍ ነው፤ ብዙ ስልኮች ላይ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ይመጣል። ኤፒኤን የሚቀየረው ሲሙ ራሱ ሲቀየር ብቻ ነው።

ቁልፉ ተዘግቶ መምጣቱ መልካም ነው። ገበያ ላይ ሳያውቁት በጎረቤት ማማ የገባ ስልክ፣ ቁልፉ ክፍት ከሆነ፣ ከጀርባ ቪዲዮና ፎቶ ሲያወርድ በሮሚንግ ዋጋ ይቆጥራል። ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ሩዋንዳና ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የሮሚንግ ጥሪ ዋጋን ለማውረድ ተስማምተዋል። ኢትዮጵያ በዚያ ስምምነት ውስጥ የለችም፤ ቡሲያ ላይ የለመዱትን ዋጋ ሞያሌ ላይ መጠበቅ አይገባም።

ድንበር ላይ ለሚውል ሰው ቀላሉ መላ የኔትወርክ ምርጫውን ከ«አውቶማቲክ» አውጥቶ የአገሩን በእጅ መምረጥ ነው። ስልኩ ከዚያ በኋላ ወደ ጎረቤት አይሸሽም፤ የቤቱ ሲግናል ከጠፋ ግን ዝም ብሎ ይቀራል። ኬላውን አልፎ ሲሄድ ወደ አውቶማቲክ መመለስ አለበት፤ ይህን የረሳ ሰው «ሲሜ ሞተ» እያለ ማርሳቢት ይደርሳል።

የሞባይል ገንዘብ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የቴሌብሩ *127# ሆነ የኬንያው ኤም-ፔሳ *334# ዳታ አይፈልጉም፤ ድርጅቶቹ በሮሚንግ ላይ ከፈቀዱት ትእዛዙ ወደ ሲሙ አገር ይሄዳል። አስቸጋሪው አዲስ ስልክ ላይ መተግበሪያ መክፈት ነው፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ በአጭር መልእክት ስለሚመጣና ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚሠራ፣ መልእክቱ በሮሚንግ ላይ ከዘገየ ጊዜው ያልፍበታል። መተግበሪያውን ከመሻገር በፊት፣ አገር ቤት ሳሉ ከፍቶ መጨረስ ይሻላል።

በመተማ በኩል ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ሞያሌ ላይ ሰዓት አይቀየርም፤ ኢትዮጵያና ኬንያ አንድ ሰዓት ናቸው። ሱዳን ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የሱዳን ማማ የያዘ ስልክ ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል፤ መተማ ተኝቶ የገላባትን ማማ የያዘ ስልክም እንዲሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለመጫን የደወል ሰዓት የሞላ ሰው፣ ስልኩ ሲቀሰቅሰው 11 ሰዓት ሆኖ መኪናው ሄዶ ሊያገኝ ይችላል። በዚያ በኩል የሚያድር ሰው የሰዓቱን «አውቶማቲክ» ማታውኑ ቢዘጋው ይሻላል።