በጣት የሚነበብ መጽሐፍ

የልጅ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት አያልፍም። እናቷ የሕፃናት ሥዕል መጽሐፍ ባየች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በልብስ ስፌት መኪና ላይ ያሳለፍኩ ሴት ነኝና ባለፈው ዓመት «ወረቀቱ ካልሆነላት የጨርቅ መጽሐፍ እሰፋላታለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

ከቀለማም ጨርቅ ዶሮ፣ ቤትና አበባ ቆርጬ ለጠፍኩ፤ ዳር ዳራቸውንም በዚግዛግ ስፌት ዞርኩት። ያየው ሁሉ አደነቀልኝ። እሷ ግን አንዴ ዳሰስ አድርጋ ተወችው። ከዚያ እጇ የነጠላዬን ዘርፍ አገኘና ክሮቹን አንድ በአንድ ትለያቸው ጀመር። ስሕተቴ ያን ጊዜ ገባኝ፤ መጽሐፉን የሰፋሁት ለራሴ ዓይን ነበር። የዶሮ ቅርጽ ለሚያይ ሰው ዶሮ ነው። ለእሷ ግን ዶሮ ማለት ላባ፣ ለስላሳ እንቁላልና የሚኮሰኩስ ጎጆ ነው።

ሁለተኛውን ከመጀመሬ በፊት ለጥቂት ቀናት እጇን ብቻ ተከታተልኩ። ምን ትነካለች? ምን ይዛ ትቆያለች? ከቤት ስንወጣ የቆርቆሮ አጥራችንን በጣቷ እየዳበሰች ነው የምታልፈው። ምስር ስለቅም ትሪው ውስጥ እጇን ትከታለች። ገጾቹን ያገኘሁት ከዚያ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ገጽ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በአንድ ገጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይገባል። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ጨርቁን ሁሉ አስቀድሜ አጠብኩ። ለአጥሩ ገጽ ሁለት አቡጀዲ ደርቤ ጎን ለጎን ቀጥ ያሉ መስመሮች በመኪና ሰፋሁ፤ በመስመሮቹ መካከል በወፍራም መርፌ ሲባጎ አሳለፍኩ። ጣት ሲሄድበት ልክ እንደ ቆርቆሮው ከፍ ዝቅ ይላል። ለጎጆው ጆንያ ለጠፍኩ፤ እንቁላሉን ከሳቲን ቆርጬ ከሥሩ ጥጥ ጠቀጠቅሁበት። ምስሩ የእጅ ሥራ ነው፤ ክሩን መርፌው ላይ ሁለቴ ጠምጥሜ፣ ከወጣበት አጠገብ መልሼ ስወጋው ትንሽ ጠንካራ ቋጠሮ ይቀራል። በመጨረሻ ገጾቹን ጀርባ ለጀርባ አጋጥሜ በግራ በኩል በሽራ ጠረዝኳቸው፤ በመኪናም ሁለት ጊዜ ሄድኩባቸው። ጉተታ የሚበዛበትን በመኪና፣ ጥቃቅኑን በእጅ መሥራት ይሻላል።

አንድ ጥፋቴንም ልንገራችሁ። በመጀመሪያው መጽሐፍ አበባው መሐል ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ሰፍቼ ነበር። በጥርሷ ስባ ነቀለችው፤ እናቷ ደርሳ ከአፏ አወጣችው። ከዚያ ወዲህ ቁልፍም ዶቃም አላስገባም፣ ረጅም ክርም አልተውም። የጨረስኩትን ገጽ በሙሉ ኃይሌ ሳልጎትተው ለእሷ አልሰጥም። ከመነሣቴ በፊትም መርፌዎቼን እቆጥራለሁ።

ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬይል በአባቱ የቆዳ ሥራ ቦታ በወስፌ ሲጫወት ዓይኑን የወጋው በልጅ ልጄ ዕድሜ፣ በሦስት ዓመቱ ነበር። ሕመሙ ወደ ሌላኛው ዓይኑ ተሻግሮ ሁለቱንም አሳጣው። ያው ልጅ በ15 ዓመቱ፣ በ1824 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡትን የነጥብ ፊደል ሠራ። የእኛም ልጅ ነገ ያንን ፊደል ትማራለች። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ስትፈልግ፣ ገጽ ስትገልጥ፣ ጣቷ ከወዲሁ እየተለማመደ ነው። እናቷም አሁን ማታ ማታ አብራት ታነባለች።

የመጨረሻው ገጽ የአያቷ ጋቢ ነው። አንድ ጫፍ እንድቆርጥ ስጠይቀው ባለቤቴ «ደግሞ ጋቢዬን?» ብሎ አጉረመረመ። መጽሐፉ ባለቀ ዕለት እያገላበጠች እዚያ ገጽ ደረሰች። እጇን ጋቢው ላይ አሳርፋ ቆየችና «አባባ» ብላ ፊቷን እሱ ወደሚቀመጥበት ጥግ አዞረች። እሱ አቀርቅሮ ዝም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ስፌት መኪናዬ ላይ ከጋቢው የተቆረጠ ሌላ ጫፍ ተቀምጦ አገኘሁ።