ዊሊያም እንዴት ቢል ሆነ?

ዊሊያም በሚለው ስም ውስጥ «ብ» የሚባል ድምፅ የለም። ታዲያ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ክሊንተን በምን ሒሳብ ቢል ይባላሉ? የሮበርት ቦብ መባልስ ምን ይሉታል? እኔ ይህን ነገር ማገላበጥ ከጀመርኩ ወዲህ የፈረንጅ ስም በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል።

ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ዊሊያም፣ ሮበርትና ሪቻርድ የሚሉት ስሞች አገሩን አጥለቀለቁት። መንደሩ በሮበርት ሲሞላ መለያ ሊወጣ ግድ ነው። ሰዉም ስሙን ይቆርጥና ቤት እንዲመታ አድርጎ የመጀመሪያ ድምፁን ይቀይረዋል፤ ሮበርት ሮብ ይሆናል፣ ከሮብ ደግሞ ሆብ፣ ዶብና ቦብ ይወለዳሉ። ሪቻርድም ሪክ ተብሎ ዲክ ላይ ደረሰ። ዊሊያምም በዚሁ መንገድ ቢል ሆነ። ማርጋሬት በሜግ በኩል ዞራ ፔጊ ሆነች። «ር» ደግሞ ወደ «ል» መንሸራተት ይወዳል፦ ሳራ ሳሊ፣ ሜሪ ሞሊ። ሞሊም አላረፈችም፤ ፖሊ ተባለች!

ከእነዚህ ቁልምጫዎች አንዳንዶቹ የቤተሰብ ስም ሆነው ቀርተዋል። ዶብሰን የዶብ ልጅ ነው፤ ኒክሰን ደግሞ የኒክ፣ ማለትም የኒኮላስ ልጅ። ፕሬዚዳንቱ ሪቻርድ ኒክሰን በ1950ው የሴኔት ምርጫ ዘመቻ «ተንኮለኛው ዲክ» የሚል ስም ወጥቶላቸው እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። ቁልምጫ ሁሉ ፍቅር አይደለም ማለት ነው።

ዛሬ በአሜሪካ መሥሪያ ቤት የደመወዝ መዝገቡ ላይ ሮበርት የተባለውን ሰው ባልደረቦቹ ቦብ ሊሉት ይችላሉ። ይህን የማያውቅ አዲስ ሠራተኛ ሁለት ሰው ይመስለዋል። ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማሳጠር ነውር ነው፤ ቦብ መባል የሚጠላ ሮበርት ሞልቷል። ሕፃኑ ቢሊ ደግሞ እናቱ «ዊሊያም!» ብላ ከነአባቱ ስም ከጠራችው ጥፋቱ ተደርሶበታል።

ለወግ ለማዕረግ ሲሆንስ? ክሊንተን በ1993 የፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ የፈጸሙት ዊሊያም ጀፈርሰን ክሊንተን ብለው ነው። ጄምስ ኧርል ካርተር ግን በ1977 በዚያው ሥነ ሥርዓት ላይ ጂሚ ካርተር ነኝ አሉ። የእሳቸው ድፍረት ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ ብዙ ልጅ የወለደችው ኤልሳቤጥ ሳትሆን አትቀርም፦ ሊዝ፣ ሊቢ፣ ቤስ፣ ቤቲ። እኛ ዘንድ ግን ቤቲ ብዙ ጊዜ ቤተልሔም ናት። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለችው የኛዋ ቤቲ ስሟን ስትናገር አሜሪካዊው ጎረቤቷ በልቡ ኤልሳቤጥ ብሎ ቢመዘግባት አትፍረዱበት።