ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከተሰማ በኋላ በብዙ አማኝ ቤተሰቦች ውስጥ ሌላ ፈተና ይጀምራል። ልጅ ሐዋሳን ወይም ጅማን በመጀመሪያ ምርጫነት ማስገባት ይፈልጋል። አባት፣ «አዲስ አበባ ካልደረሰህ ከቤት እየተመላለስክ በግል ኮሌጅ ትማራለህ» ይላል። እናት በሁለቱ መካከል ትጨነቃለች። የምርጫው ጊዜ አጭር በመሆኑ ውይይቱ ሳያልቅ ቀኑ ይደርስና ወይ ልጅ ተደብቆ ይሞላል፣ ወይም ወላጅ አስገድዶ ያስሞላል። በሁለቱም መንገድ ቤተሰቡ ይጎዳል።

በቅድሚያ ልናስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ ገደማ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እዚህ ደረጃ የደረሰ ልጅ ከክርክሩ በፊት «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጎበዝ!» ሊባል ይገባዋል።

ፍርሃታችሁን ንገሩት

ብዙ ጊዜ ወላጆች የሚከራከሩት ስለ ትምህርቱ ጥራት ቢመስልም በልባቸው ያለው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ይህን ያየች እናት ልጇን ሩቅ ለመላክ ብታመነታ አያስደንቅም። ታዲያ «ያ ዩኒቨርሲቲ አይረባም» ከምትል «ልጄ፣ የመንገዱ ነገር ያሳስበኛል» ብትለው ልጁ ይሰማታል፤ መፍትሔውንም አብሯት ይፈልጋል።

የልጆችም ፍላጎት ሊመረመር ይገባል። «ጅማ ካልሆነ» የሚለው ወጣት የሚፈልገው ትምህርቱን ነው? ጓደኞቹን ነው? ወይስ ከቤት ቁጥጥር መውጣትን? ይህን በእርጋታ ጠይቁት፤ መልሱንም ሳታቋርጡ ስሙት።

ጠይቃችሁ ተረዱ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ በውጤት፣ በምርጫ ቅደም ተከተልና ተቋሙ ባለው ቦታ ይወሰናል። የመጀመሪያው ምርጫ ላይደርስ ስለሚችል በሁለተኛውና በሦስተኛውም ላይ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

የግል ኮሌጅ ከታሰበ ስለ ክፍያው ብቻ አትጠይቁ። ልጃችሁ የሚማርበት ፕሮግራም በዚያው ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያገኘ መሆኑን አረጋግጡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለበት፣ የኮሌጁ ተማሪዎች ምን ያህል እንደሚያልፉም ጠይቁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ተመራቂው ቆይቶ የሚከፍለው የወጪ መጋራት ዕዳ አለ። የቤቱን አቅም በብር ቆጥራችሁ ለልጃችሁ ንገሩት። ያልተነገረውን ችግር ልጅ እንደ ክልከላ ይቆጥረዋል።

«ጌታ ነግሮኛል»

አባት «ጸልዬበታለሁ፤ የምትማረው እዚሁ ነው» ሲል፣ ልጅም «ለእኔም ጌታ ነግሮኛል» ብሎ ሲመልስ ውይይቱ ይዘጋል። የጌታን ስም ክርክር ለማሸነፍ ልንጠቀምበት አይገባም። ይልቅስ ውሳኔው ሳይታወቅ አብራችሁ ጸልዩ።

ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ሲማሩ ከአገራቸው ርቀው ነበር፤ እምነታቸው ግን አብሯቸው ሄዷል። ልጃችሁ ሩቅ ቢመደብ በግቢው ያለውን የኢቫሱ ኅብረትና በከተማው ያለች ቤተ ክርስቲያንን አስቀድማችሁ አፈላልጉለት።

ማን ይወስን?

ሌሊት ነቅቶ የሚያጠናው፣ ለመውጫ ፈተናውም የሚቀመጠው ልጁ ነው። ስለዚህ ወላጅ በገንዘብና በደኅንነት ረገድ የሚችለውንና የማይችለውን በግልጽ ያስታውቅ፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ራሱ ይምረጥ። ምርጫው ባይሰምርለት እንኳ «ብዬህ አልነበር?» ሳይባል የሚመለስበት ቤት እንዳለው ይወቅ።

ወላጆች ሆይ፣ ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ ቡናም አፍሉ። ሁላችሁም ምርጫችሁን ከነምክንያቱ በየወረቀታችሁ ጻፉ፤ መጀመሪያም ልጁ ያንብብ።